የብስክሌተኛ ትጥቅ፦ ስሙ፣ ሥራውና ምክንያቱ

መግቢያ

ተማሪዎች! ሰው ለጉዞ ሲነሣ አስቀድሞ ትጥቁን ያሰናዳል። ጥንት በበቅሎ የሚጓዝ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ኮርቻውን ጭኖ፣ ልጓሙን አግብቶ፣ እርካቡን አስተካክሎ፣ ስንቁንም በኮረጆ አንጠልጥሎ ነበር። የዛሬው ብስክሌተኛም እንዲሁ ኮርቻ አለው፤ በልጓም ፈንታ መሪና ፍሬን፣ በእርካብ ፈንታ ፔዳል፣ በኮረጆ ፈንታ ቦርሳ ይዟል። መጓጓዣው ቢለወጥም የተጓዡ ጥያቄ አልተለወጠም። ጥያቄውም «ይህ ዕቃ ምን ሥራ ይሠራልኛል?» የሚል ነው።

በዚህ ምዕራፍ ሦስት ነገሮችን ትማራላችሁ። አንደኛ፣ ስለ ብስክሌተኛ ትጥቅ የቀረበውን ምንባብ አንብባችሁ ዋና አሳቡን ታወጣላችሁ። ሁለተኛ፣ የመሣሪያ ስሞች ከግሥ እንዴት እንደሚወጡ ታጠናላችሁ። ሦስተኛ፣ አንድን አሳብ በምክንያት ደግፋችሁ በአንቀጽ መጻፍን ትለማመዳላችሁ።

ሀ. ከምንባቡ በፊት

የብስክሌት ስፖርት ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ሲሆን፣ ከአትሌቶቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር፤ ከነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቐለው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ተካሂዷል።

ይሁን እንጂ ብስክሌት የተወዳዳሪ መሣሪያ ብቻ አይደለም። ተማሪን ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛን ወደ ሥራ፣ ገበያተኛን ወደ ገበያ ያደርሳል። ስለዚህ ምንባባችን የሚያተኩረው በሻምፒዮኖቹ ሳይሆን እንደናንተ ባሉ ተማሪዎች ላይ ነው።

በጉራጌ ዞን፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ጉብሬን ሁላችሁም ባታዩአት እንኳ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ እንደ ሆነች ሰምታችሁ ይሆናል። እስቲ በዚህች ከተማ የሚማሩ ሦስት ብስክሌት ወዳጆችን በአሳባችን እንቅረጽና ውይይታቸውን እናዳምጥ።

ለ. ምንባብ፦ ቦርሳ፣ ኮፍያ ወይስ የራስ ቁር?

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ከሦስቱ ተማሪዎች አንደኛው ወላጆቹ በገጠር ስለሚኖሩ በከተማው ቤት ተከራይቶ ይማራል። ዓርብ ወደ ቤተሰቡ ይሄድና እሑድ የሳምንት ስንቁን በብስክሌቱ ጭኖ ይመለሳል። ሁለተኛዋ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ስለሆነች ወደ ቤቷ የምትገባው ሲመሻሽ ነው። ሦስተኛው የብስክሌት እሽቅድምድም አፍቃሪ ነው። ባለ ስንቁ ልጅ በክረምቱ የዕረፍት ወራት ሠርቶ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሟል፤ ገንዘቡ ግን ለአንድ ዕቃ እንጂ ለሁለት አይበቃም። አንድ ሐሙስ ቀን ሦስቱ በአንድ አረጋዊ ጎሚስታ ደጃፍ ተገናኙና ምን ቢገዛ እንደሚሻል መከሩ።

«እኔ የምገዛው ቦርሳ ነው» አለ ባለ ስንቁ። «ቆጮውንም መጻሕፍቱንም በአንድ ጆንያ ከትቼ ከኋላው መጫኛ ላይ በገመድ አስራለሁ። ባለፈው እሑድ የገመዱ ጫፍ ተፈትቶ በጎማው ሽቦዎች ላይ ተጠመጠመና ጎማው ቀጥ አለ። ሜዳ ላይ ስለነበርኩ ተረፍኩ፤ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከናንተ ጋር አልቆምም ነበር።»

«ቦርሳውን ተወውና ኮፍያ ግዛ» አለው የእሽቅድምድም አፍቃሪው። «የቀድሞዎቹን ታላላቅ ተወዳዳሪዎች ፎቶግራፍ አላየህም? ሁሉም ከፊት አጭር ጥላ ያላትን ቀጭን የጨርቅ ኮፍያ ደፍተው ነው የምታያቸው። ፀሐዩን ትከልላለች፤ ላቡ ወደ ዓይን እንዳይወርድ ትመጥጣለች፤ ዝናብ ሲመጣም ጥላዋ ለዓይን መጠለያ ናት።»

ጎሚስታው የያዙትን መፍቻ አስቀምጠው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ስሙን አጥርተህ ተናገር። አንዳንድ ሰው የጨርቁንም ኮፍያ ይለዋል፤ ጠንካራውን የራስ ቁርም ኮፍያ ይለዋል። ሱቅ ገብተህ ‹ኮፍያ ስጡኝ› ብትል የቱን ይሰጥሃል? አንዱ ከፀሐይ ያስጥላል፤ ሌላው ከሞት።»

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ» አለ የእሽቅድምድም አፍቃሪው ጥቂት አሰብ አድርጎ። «ተወዳዳሪዎቹም ቢሆኑ ዛሬ ያለ ቁር አይጋልቡም። በ1983 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት ቁርን ግዴታ ሊያደርግ ሲል ‹ይሞቃል፣ ይከብዳል› ብለው ከፓሪስ ወደ ኒስ በሚደረገው ውድድር ላይ አድመው ነበርና ደንቡ ተነሣላቸው። በመጋቢት 1995 ዓ.ም. በዚያው ውድድር የካዛክስታኑ ተወዳዳሪ አንድሬ ኪቪሌቭ ቁር ሳያደርግ ወድቆ በራሱ ላይ በደረሰው ጉዳት ሞተ። ኅብረቱም በዚያው ዓመት ቁርን ግዴታ አደረገ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው» አሉ ጎሚስታው።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ትሰማ የነበረችው ልጅ ተናገረች። «እኔን ግን የሚያስፈራኝ መውደቁ ሳይሆን አለመታየቴ ነው። ሲመሽ ከኋላዬ የሚመጣው ሾፌር ካላየኝ ቁሩ ምን ይረዳኛል? በኔ አስተያየት መቅደም ያለበት የኋላ ቀይ መብራትና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ነው። ደግሞም የቁሩ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ ቀላል አይደለም።»

«የተናገርሽው ቁም ነገር ነው፤ ከአደጋ መዳን የሚጀምረው ከመታየት ነው» አሉ ጎሚስታው። «እንግዲህ እያንዳንዱን ዕቃ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። መጀመሪያ፣ ሥራህ ምንድን ነው በሉት። ቀጥሎም፣ በእጄ ያለ ሌላ ነገር ሥራህን ሊተካልኝ ይችላል ወይ በሉት። ቦርሳውን ከጠንካራ ሸራ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። በገመዱ ፈንታ ካረጀ የውስጥ ጎማ ሰፊ ማሰሪያ ቆርጬ እሰጥሃለሁ፤ ይለጠጣል፣ ጭነቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ጫፉንም አስገብተህ ከሸጎጥከው አይንዘላዘልም። በጨርቁ ኮፍያ ፈንታ በቤትህ ያለው ቀጭን ቆብ ይበቃል። የሚያንጸባርቀውን ጥብጣብ በልብስሽና በቦርሳሽ ላይ ማሰፋት ትችያለሽ፤ መብራቱ ግን መገዛት አለበት። የራስ ቁርን ግን ልብስ ሰፊም፣ አንጥረኛም፣ እኔም ልንሠራው አንችልም።»

«ታዲያ ያገለገለ ቁር በርካሽ ቢገዛስ፣ ጋሼ?» ብላ ጠየቀች።

«የተሰነጠቀ እንስራ ከሩቅ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ውሃ ሲቀዱበት ግን ያፈሳል። ቁርም አንድ ጊዜ ከባድ ምት ካረፈበት ቀለሙ ሳይላጥ ውስጡ ይሰበራል። ታሪኩን የማታውቂውን ቁር አትግዢ።»

ባለ ስንቁ ልጅ ገንዘቡን በኪሱ ውስጥ እየዳበሰ ዝም አለ። ውይይቱ በዚህ አበቃ፤ የልጁን ውሳኔ ግን ለናንተ ትተነዋል።

ሐ. ተጨማሪ ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ የተነሡትን አሳቦች ለመመዘን ስለ ዕቃዎቹ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል።

1. የራስ ቁር። ከላይ የሚታየው ስስና ጠንካራ ሽፋን ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከሥሩ ያለው ወፍራምና ቀላል አረፋ ነው። ራስ ከመሬት ጋር ሲጋጭ አረፋው ተጨፍልቆ ምቱን ያበርዳል፤ የራስ ቅልና አንጎል ይቀበሉት የነበረውን ኃይል በከፊል እርሱ ይቀበላል። የተጨፈለቀው አረፋ ወደ ቀድሞ መልኩ ስለማይመለስ፣ ከባድ አደጋ ያገኘው ቁር መለወጥ አለበት። «እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» የሚል ሰው ይህን ያስተውል፦ ከ1.5 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በቆመ ብስክሌት ላይ ሆኖ በጎን የሚወድቅ ሰው እንኳ ራሱ መሬት የሚመታው በትንሽ ኃይል አይደለም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል።

ቁር የሚጠቅመው በትክክል ከተደረገ ብቻ ነው። ግንባርን ሸፍኖ ከቅንድብ በላይ በሁለት ጣት ያህል ከፍ ማለት አለበት። የግራና የቀኝ ማሰሪያዎቹ ከጆሮ በታች ይገናኛሉ፤ በአገጭና በማሰሪያው መካከል ከአንድ ወይም ከሁለት ጣት በላይ ማስገባት የለበትም። ከቁሩ ሥር ቀጭን የጨርቅ ኮፍያ ማድረግ ይቻላል፤ ወፍራም ቆብ ግን ቁሩ በራስ ላይ እንዳይረጋ ያደርገዋል።

2. ቦርሳ። በቅሎ የሚጭን ሰው ጭነቱን በግራና በቀኝ እኩል ካላደረገ ጭነቱ ያዘነብላል። በብስክሌትም እንዲሁ ነው። ከኋላ መጫኛው በሁለት ወገን የሚንጠለጠሉ የጎን ቦርሳዎች ክብደቱን እኩል ያካፍላሉ፤ ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡም ብስክሌቱ አይንገዳገድም። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ተረከዝ ቦርሳውን እንዳይመታ ቦርሳው ወደ ኋላ ፈቀቅ ይበል። ከኮርቻው ሥር የምትታሰረው ትንሽ ቦርሳ ለመፍቻና ለጎማ መለጠፊያ፣ በመሪው ላይ የሚታሰረው ለቀላል ዕቃ ይበቃል፤ መሪው ላይ ከባድ ነገር ማንጠልጠል ማዞርን ያስቸግራል። ጭነትን በጀርባ መሸከም ለአጭር መንገድ አይከፋም፤ ነገር ግን ክብደቱን ከፍ ስለሚያደርገው ሚዛን ያስታል፣ ጀርባንም ያልባል። ከሁሉም በላይ የሚንዘላዘል ገመድ፣ ነጠላ ወይም የቦርሳ ማንገቻ ወደ ጎማውና ወደ ካቴናው እንዳይደርስ መጠንቀቅ ይገባል።

3. መብራትና አንጸባራቂ። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይደረጋል። ሾፌሩ የመብራቱን ቀለም አይቶ ብስክሌተኛው ወደርሱ እየመጣ ወይም ከርሱ እየራቀ መሆኑን ይለያል። አንጸባራቂ ጨርቅ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የመኪናውን ብርሃን ወደ ሾፌሩ ይመልሳል። ስለዚህ የመብራት አጋዥ እንጂ ምትክ አይደለም።

መ. ሰዋስው፦ የመሣሪያ ስም

በምንባቡና በማብራሪያው ውስጥ መጫኛ፣ መፍቻ፣ ማሰሪያ፣ መለጠፊያ የሚሉትን ቃላት አግኝታችኋል። እነዚህ ሁሉ ዕቃውን በሥራው የሚጠሩ ስሞች ናቸው። መጫኛ የሚጫንበት፣ መፍቻ የሚፈታበት፣ ማሰሪያ የሚታሰርበት ነው። አማርኛ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ስም የሚያወጣበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፤ ጎሚስታው «ሥራህ ምንድን ነው በሉት» ያሉት ምክር በቋንቋችን አሠራር ውስጥም አለ።

የመሣሪያ ስም የሚወጣው ከንዑስ አንቀጹ ላይ «ኢያ» የሚል ባዕድ መድረሻ በመጨመር ነው።

ነፋ — መንፋት — መንፊያ
ቆለፈ — መቆለፍ — መቆለፊያ
አሰረ — ማሰር — ማሰሪያ

በ«አ» የሚጀምር ግሥ መነሻው «መ» ሳይሆን «ማ» እንደሚሆን ከሦስተኛው ምሳሌ አስተውሉ። እንደ መንፋት በ«ት» የሚጨርሱ ንዑሳን አንቀጾች ደግሞ የመጨረሻውን «ት» ይጥላሉ።

የግሡ የመጨረሻ ተነባቢ ደ፣ ተ፣ ጠ፣ ሰ፣ ዘ፣ ነ ወይም ለ ሲሆን በ«ኢያ» ተጽዕኖ ድምፁ ይለወጣል። ደ ወደ ጀ፣ ተ ወደ ቸ፣ ጠ ወደ ጨ፣ ሰ ወደ ሸ፣ ዘ ወደ ዠ፣ ነ ወደ ኘ፣ ለ ወደ የ ይሄዳል።

ነዳ — መንዳት — መንጃ
ፈታ — መፍታት — መፍቻ
ቆረጠ — መቁረጥ — መቁረጫ
ለበሰ — መልበስ — መልበሻ
ያዘ — መያዝ — መያዣ
ጫነ — መጫን — መጫኛ
ከለለ — መከለል — መከለያ

ማስታወሻ፦ ይህ ቅርጽ መሣሪያን ብቻ ሳይሆን ቦታንም ያመለክታል። መልበሻ ልብስ የሚለበስበት ክፍል ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው።

የብስክሌት ዕቃ ስሞች ሁሉ ግን ከዚህ ምንጭ አልፈለቁም። መሪ «መራ» ከሚለው ግሥ የወጣ የአድራጊ ስም ነው። ብስክሌተኛ ከስም የተገኘ ነው። ቦርሳ፣ ጎማና ካቴና ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ኮርቻ ደግሞ ከፈረስና ከበቅሎ ወደ ብስክሌት የተሻገረ የቆየ ቃል ነው።

ሠ. ድርሰት፦ አሳብን በምክንያት መደገፍ

አሳቡን ያለ ምክንያት የሚያቀርብ ጸሐፊ ጭነቱን ሳያስር ጉዞ እንደሚጀምር ብስክሌተኛ ነው። የሚከተለውን አንቀጽ ተመልከቱ።

«የራስ ቁር በጣም ጥሩ ነገር ነው። ሁሉም ሰው ሊገዛው ይገባል። ቁር የማያደርግ ሰው አዋቂ አይደለም።»

ይህ አንቀጽ ደካማ ነው። «ጥሩ» የሚለው ቃል ዕቃው ምን እንደሚሠራ አይነግረንም። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ትእዛዝ እንጂ ምክንያት አይደለም። ሦስተኛው ተቃራኒውን ወገን ይሰድባል፤ መሳደብ ደግሞ ማሳመን አይደለም። አሁን የተሻሻለውን አንብቡ።

«ገንዘቤ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ የራስ ቁር እገዛለሁ። ምክንያቱም ቦርሳን ከሸራ ማሰፋት ይቻላል፤ ቁርን ግን በቤት መሥራት አይቻልም። እርግጥ ነው፣ ቁር ሾፌር እንዲያየኝ አያደርግም። ስለዚህ መብራት እስክገዛ ድረስ ከመጨለሙ በፊት ቤቴ ለመግባት እሞክራለሁ።»

ይህ አንቀጽ አራት ነገሮችን አሟልቷል፦ አሳብ፣ ምክንያት፣ የተቃራኒውን ወገን እውነት መቀበል፣ በመጨረሻም መፍትሔ። በተለይ ሦስተኛውን አትዘንጉ። የሌላውን ሰው እውነተኛ አሳብ ሸሽጎ የሚከራከር ጸሐፊ አንባቢው ያንን አሳብ ራሱ ሲያስታውሰው ይረታል።

እነዚህን ክፍሎች የሚያያይዙ ቃላትንም ለዩ። «ምክንያቱም» ምክንያትን፣ «እርግጥ ነው» መቀበልን፣ «ስለዚህ» ውጤትን ያስከትላሉ። «እንጂ» ደግሞ ሁለት ነገሮችን ነጥሎ ያሳያል፦ የጨርቅ ኮፍያ ፀሐይን ይከልላል እንጂ ምትን አያበርድም።

ረ. መልመጃ

1. ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
ሀ) «ኮፍያ» የሚለው ቃል ለሁለት ዕቃዎች መዋሉ ምን ችግር ያስከትላል?
ለ) ተወዳዳሪዎቹ በ1983 ዓ.ም. ያደሙት ለምን ነበር? ምክንያታቸው ከንቱ ነበር ትላላችሁ?
ሐ) ጎሚስታው ያገለገለ ቁርን በተሰነጠቀ እንስራ የመሰሉት ለምንድን ነው?

2. ከሚከተሉት ግሦች የመሣሪያ ስም አውጡ፤ ድምፁ የተለወጠውንም ተነባቢ አስምሩበት፦ ሸፈነ፣ ጠገነ፣ ለጠፈ፣ መዘነ፣ አበራ፣ ዘጋ።

3. የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች «እንጂ»፣ «ስለዚህ» ወይም «ምክንያቱም» በሚሉት አያይዙ።
ሀ) የጎን ቦርሳ ሚዛን ይጠብቃል። ክብደቱን በሁለት ወገን ያካፍላል።
ለ) አንጸባራቂ ሰደርያ ብርሃን ይመልሳል። ብርሃን አያመነጭም።
ሐ) የቁሩ አረፋ አንዴ ተጨፍልቋል። ቁሩ መለወጥ አለበት።

4. ቡድን ሠርታችሁ ተወያዩ። ግማሹ የባለ ስንቁን፣ ግማሹ የማታ ተመላሿን ወገን ይያዝ። እያንዳንዱ ተናጋሪ አሳቡን ከማቅረቡ በፊት ከርሱ ቀድሞ የተናገረውን ሰው አሳብ በትክክል ይድገም።

5. «ባለ ስንቁ ልጅ ምን ቢገዛ ይሻለዋል?» በሚል ርእስ ባለ አራት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። የልጁን የመንገድ ሁኔታ፣ የጭነቱን ዓይነት፣ የገንዘቡን ማነስ አስቡ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚሉትን ቃላት ፈልጋችሁ አውጡና በቦታቸው ዕቃው የሚሠራውን ሥራ ግለጹ።